ሐምሌ፣ ማገዶና ድጓ

ጋይንት ላይ በክረምት መብራት መሄዱ መጀመሪያ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ወፍጮው ይቆማል። ከወፍጮው ማዶ ካለው ጸጉር ቤት ከጠዋት ጀምሮ ሲሰማ የዋለው ዘፈን መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ፍሪጅ ያለው ቤት ፍሪጁ አንዴ ይንቀጠቀጥና ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዶፍ ብቻ ነው። ቀጥሎ ከየደጁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይወጣል፦ «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?» የአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ቆጣሪው ጋ ይኬዳል፣ ፊዩዝ ይታያል፣ የሚያውቅ ጎረቤት ይጠራል። የሁሉም ከሆነ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ መክፈት ይጀምራል።

አንድ ሐምሌ ላይ እናቴ ቤት የሄድኩት ዜማ ልቀዳ ነበር። የእናቴ አጎት ቤተ ልሔም የተመሰከረላቸው የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኗን የዓመት ዜማ የያዘው መጽሐፍ፣ መምህር ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ድምፃቸው ግን አሁንም የጠራ ነው። ከክረምቱ ድጓ የቻሉትን ያህል እንዲያዜሙልኝ ለምኜ እሺ ብለውኝ ነበር። ስልክ፣ ትንሽ መቅረጸ ድምፅ፣ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ ይዤ ሄድኩ። ሐሳቤ ቀን ቀን ቤተ ልሔም ወርጄ መቅዳት፣ ማታ እናቴ ቤት ተመልሼ የቀዳሁትን ወደ ላፕቶፑ መገልበጥና ዕቃውን ሁሉ ለነገ ቻርጅ ማድረግ ነበር። ሥራው በሙሉ ግድግዳው ላይ ባለችው አንዲት ሶኬት ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት ነው።

ቤተ ልሔምን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ጋይንት ውስጥ ያለች ጥንታዊት ደብር ናት። ከውጭ ለሚያያት እንደ ሌሎቹ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት፤ በክቡ ውስጥ ግን በጥርብ ድንጋይ የታነጸ፣ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ አለ። ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ጸሐፊ ገና በወጣትነቱ በበቅሎ ሲዞር ደርሶባት፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋታል። የኛ ሰው ግን ከሕንፃዋ በፊት የሚያነሣው ድጓዋን ነው። የድጓ ዜማ ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አቻብር እየተባለ በስልት ይለያል፤ ከእነዚህ ውስጥ በጣም የተስፋፋው የቤተ ልሔሙ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለውን የዜማ ትምህርት የሚፈልግ ዙር አምባ እንደሚሄደው ሁሉ፣ ድጓ የተማረ ሰው ከየትም አገር ይምጣ ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ያን ምስክርነት ያገኘ ሰው የትም ደብር ቢሄድ አንገቱን ቀና አድርጎ ወንበር ይዘረጋል።

መብራታችንን ያጠፋው መብረቅ የወደቀው አንድ ቀን ማታ ራት ላይ ነው። ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ መጡ፤ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ፣ ትራንስፎርመሩ ካለበት፣ ሌላ ድምፅ ተከተለ፣ ጠበብ ያለና ደረቅ። እናቴ አማተበች። ታናሽ እህቴ ከሶኬት ላይ ያለውን ሁሉ እየሮጠች ነቀለች። ያን ሌሊት በረዶ ጭምር ጣለ፤ ጠዋት ስንወጣ የባቄላው ማሳ ነጭ ሆኖ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምት የምትለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ነው። ሊቃውንቱ ይህን ጊዜ በየንዑስ ክፍሉ ስም ሰጥተውታል፤ መጀመሪያ የዘርና የደመና ነው፤ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ያለው ደግሞ የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ይባላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአገሩ ከመዘርጋቱ በብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሠራ አከፋፈል ነው። ዛሬ ግን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው መብራት መቼ እንደሚጠፋበት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ አቆጣጠር አያገኝም። መብረቁ በዚያ ሰሞን ይበዛል፣ መብራቱም በዚያ ሰሞን ይሄዳል።

ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ሆኖም በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ወደ እነዚህ የደጋ ከተሞች የሚመጣው መስመር ከማከፋፈያ ጣቢያ በ33 ሺህ ወይም በ15 ሺህ ቮልት ይወጣል፤ ገደልና ሸንተረር አቋርጦ መንደር ሲደርስ ትራንስፎርመር ወደ 380ና 220 ያወርደዋል። አብዛኛው መስመር አንድ ጉዞ ብቻ ያለው ነው፤ መሀሉ ላይ ከተበጠሰ በሌላ በኩል የሚዞር መንገድ የለውም። ስለዚህ አንድ ባሕር ዛፍ አንድ ሸለቆ ውስጥ ሽቦው ላይ ሲወድቅ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ቀበሌ ሁሉ ይጨልማል። የእንጨት ምሰሶ እግሩ በረጠበ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ነፋስ ሲመጣ ይጋደማል። መብረቅ ደግሞ ምሰሶውን ባይመታ እንኳ አጠገቡ ሲወድቅ በሽቦው ላይ የሚልከው ኃይል ፊዩዙን ያቃጥላል፣ ሲብስም ትራንስፎርመሩን ራሱን። ብልሽቱን ለማግኘት ሰው መስመሩን ተከትሎ በእግሩ መሄድ አለበት፤ በሐምሌ ጭቃና ጭጋግ፣ መኪና በማይገባበት። እነዚህን በዝናብ ምሰሶ ላይ የሚወጡ ሠራተኞች አይቻቸዋለሁ፤ እጃቸው በብርድ ደርቆ ብሎን መያዝ እያቃተው ነው የሚሠሩት። ስለ እነሱ ክፉ ቃል አይወጣኝም።

ወደ ቤታችን ልመለስ፤ የመጀመሪያው ጭንቅ ስልክም ላፕቶፕም አልነበረም። ሊጥ ነበር። እናቴ በማግስቱ ልትጋግር አቡክታ ነበር። መብራት ከገባ ወዲህ የምትጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ጠዋት ምጣዱ ባዶ ሸክላ ሆነ። ሊጡ ደግሞ አይጠብቅም፤ ኩፍ ብሏል፣ ካልተጋገረ ይኮመጥጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው እንጀራ ዓይን የለውም፣ ጉሮሮ ላይ ይይዛል። ታዲያ በእንጨት እንጋግር ተባለ። እንጨቱ የት አለ?

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ነውና። ልጅ ሳለሁ ከጓሮው ጫፍ የማገዶ ቤት ነበረን። ግድግዳው በአየር እንዲናፈስ በጭራሮ ብቻ የተሠራ፣ ጣሪያው ግን ጠብታ የማያሳልፍ ነበር። ሚያዝያና ግንቦት የሱ ወራት ነበሩ። ባሕር ዛፉ ይቆረጣል፣ ይፈለጣል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይደረደራል። ኩበቱ ተጠፍጥፎ ይደርቃል፣ ተቆልሎ በሣር ይከደናል። እህሉ ወንዝ ሳይሞላ ወፍጮ ይወርዳል። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹ ሳይቀር ሰኔ ሳይገባ ይሰናዳል። ጧፍ ከቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይገዛል። ቤቱ ክረምቱን የሚቀበለው ተዘጋጅቶ ነበር። መብራት ሲገባ ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ቀረ። እንጨት መልቀምና መፍለጥ የሴትና የልጅ ወገብ የሚሰብር ሥራ ነውና ሲቀር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። የማገዶ ቤቱ ፈርሶ ለተማሪ የሚከራይ ክፍል ሆነ። ወፍጮውም ቅርብ ስለሆነ እህል በየሳምንቱ በቁና መላክ ተለመደ። መብራቱ ሲመጣ የቀድሞውን ዝግጅት ይዞ ሄደ። በሐምሌ ሲጠፋ ደግሞ መብራቱም የለ፣ ዝግጅቱም የለ። ከመብራት በፊት ከነበረችው አያቴ ይልቅ በዚያ ጠዋት እናቴ የባሰ ተቸግራ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን፣ እኛ ሁላችን እትዬ የምንላቸው፣ ቤታቸው ቆጣሪ ቢኖርም በኤሌክትሪክ ጋግረው አያውቁም። ጭስ ቤታቸው ውስጥ የደረቀ እንጨት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ያን ጠዋት የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሊጡን ተሸክሞ እሳቸው ዘንድ ተሰለፈ። ምጣዳቸው ከማለዳ እስከ ማታ ከጉልቻው አልወረደም። ማን ስንት እንደጋገረ የቆጠረ የለም። እትዬ እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ «ግቡ ልጆቼ፣ ዛሬ ያንቺ ነው፣ ነገ የኔ ነው» ይሉ ነበር። እናቴ ከጭሱ ስትወጣ ዓይኗ ደም መስሎ ነበር። እህቴ እሷን ተክታ ገባች። እኔ እንጨት ስፈልጥ ዋልኩ፤ ቢያንስ ካበደሩን ላይ የሚተካ ነገር እንዲኖር ብዬ። የፈለጥኩት ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ስለነበር በዚያ ክረምት የሚነድ አልነበረም፤ እትዬም ይህን እያወቁ ተቀብለው ከግድግዳው ሥር አስደረደሩልኝ።

ከዚያ ዱቄት አለቀ። የመንደሩ ወፍጮ በመብራት የሚሠራ ነው፤ ቆሟል። ፍልሰታ ደርሷል፤ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፤ የሚቆርበው የሚጾመው ሁሉ ሽሮና ዱቄት ይፈልጋል። በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ያለው ከወንዝ ማዶ ነው ተባለ። ከአክስቴ ልጅ ጋር አህያ ጭነን፣ ጆንያውን በላስቲክ ጠቅልለን ወጣን። ስንሄድ ውሃው ከጉልበት በታች ነበር። ወፍጮው ጋ ስንደርስ ግን ከየቀበሌው የመጣ ሰው ተኮልኩሏል፤ እርጉዝ አለች፣ ልጅ ያዘለች አለች፣ ከሌሊቱ ጀምራ ወረፋ የያዘች አለች። ናፍጣው ከዋናው መንገድ፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከሠሩት ከወረታ ወልዲያ ከሚዘልቀው፣ በጀሪካን በሰው ጀርባ ነው የሚመጣው። ባለወፍጮው ዋጋ ጨምሯል፤ ናፍጣውን በምን ዋጋ እንደሚገዛ ስላየሁ አልተቆጣሁትም። ተራችን ሲደርስ ጊዜው መሽቷል፤ ወንዙም ሞልቷል።

የሞላ ወንዝ የደጋ ሰው አይዳፈርም። ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ዱቄታችንን ይዘን ዳር ላይ ቆመን ሳለ ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ ላስቲኩ አንድ ጥግ ላይ ተቀዶ ኖሮ ከዱቄቱ አንድ ክፍል ራሰ። ከዳገቱ ላይ አንዲት እናት ጠሩን፦ «እናንተ ልጆች፣ ውሃ ልትገቡ ነው? ኑ ውጡ!» የእግዜር እንግዳ ብለው አሳደሩን። ያ ቤት መብራት ገብቶለት አያውቅም። ቤቱ ግን ሞቃት ነበር። ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ እንጨት ይደርቃል፤ የዛሬው ሲነድ የነገው በሙቀቱ ይሰናዳል። የራሰብንን ዱቄት እንኳ አላስጣሉንም፤ እዚያው አቡክተው ቂጣ ጋገሩት። እርጥብ ልብሳችንን ጢስ ላይ ሰቀሉት። በዚያ ምሽት ያየሁትን ቤት አልረሳውም፤ በውስጡ ያልታሰበበት ነገር አልነበረም። ልጆቻቸው ግን ከእሳቱ ዳር ተጠጋግተው፣ ደብተራቸውን ወደ ነበልባሉ አዘንብለው ነው የሚያነቡት፤ ትንሿ በየጊዜው ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ያንንም አልረሳውም።

ስንመለስ ኔትወርኩም ሄዷል። የስልክ ማማው ባትሪ መብራት ሲቋረጥ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ እሱም ይደክማል። ባንክ የሄደች እህቴ ሲስተም የለም ተብላ መጣች። ጄኔሬተር ያለው አንድ ሱቅ ስልክ በክፍያ ቻርጅ ያደርጋል፤ ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ሁሉ ስም በወረቀት ተለጥፎበት ተደርድሯል። እኔም ፓወር ባንኬን እዚያ አስገባሁ። ጄኔሬተሩ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ የሞላው ግማሹን ብቻ ነበር። የጎረቤት ሶላር ሰሌዳ ጣሪያ ላይ አለ፤ በዚያ ደመና የሚሰጠው ከበጋው ጥቂቱን ነው፤ አንዲት አምፖል ከማታ እስከ መኝታ ካበራ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ያልፋል። የዚያ አገር የሐምሌ ሌሊት አጥንት ውስጥ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ሰው የሚያደርገው ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ነው። እህቴም አንድ ማታ ይህን አደረገች፤ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱን በጨርቅ ወተፈች። እናቴ ገብታ ማንደጃውን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ደጅ አወጣችው፤ እጇ መቃጠሉን ያወቀችው በኋላ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ ራስ ያማል፣ እንቅልፍ ይጥላል፣ የተኛ ሰው አይነቃም። በአገራችን በየክረምቱ ሙሉ ቤተሰብ በዚህ ያልቃል። ከሰል ደጅ ሆኖ ፍም እስኪሆን ነዶ ቢገባ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ፍሙም ይገድላል። ማንደጃ ከሚተኛበት ክፍል መውጣት አለበት፤ ሰው ደግሞ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ደርቦ፣ ልጆችን አንድ አልጋ ላይ ሰብስቦ ይተኛ። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

የተበጠሰ ሽቦም እንደዚሁ ነው። ነፋስ ካደረ በኋላ ጠዋት ከብት የሚያሰማራ ልጅ መስመሩ ሥር ማለፍ የለበትም። መብራት የለም ብሎ ወድቆ ያገኘውን ሽቦ የነካ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ መብራቱ ቢመለስ ወዮለት። እርጥብ መሬት ሞቱን ከሩቅ ያመጣዋል።

ፓወር ባንኬ ግማሽ ሆኖ ሳለ ቤተ ልሔም ወረድኩ። የኔታ ጎጇቸው ውስጥ ጋቢ ለብሰው፣ ጭን ላይ የሚያርፈውን ትልቅ ብራና ድጓቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ድጓው በራሳቸው እጅ የተጻፈ ነው። የድጓ ተማሪ የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋልና። ከጽሕፈቱ በላይ በየመስመሩ መሀል የዜማው ምልክቶች አሉ፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ተድባበ ማርያም ላይ ሠሯቸው የሚባሉት። ድፋት፣ ጭረት፣ ደረት፣ ይዘት፣ ርክርክ፤ ነጥብና ሰረዝ፣ ከራሱ ከፊደሉ ቁራጭ የተወሰዱ ደቃቅ ፊደሎች። በቀን ብርሃን እንኳ ዓይን ያስጨንቃሉ።

የኔታ ጀመሩ። መቅረጫው ቀይ ነጥቡን አብርቶ ይቆጥራል። ውጭ ዝናቡ አለ፤ ድምፃቸው ግን ዝናቡን አልፎ ሄደ። በግዕዝ ስልት የሚዜመውን ጨርሰው በዕዝል ወደሚዜመው ሲሻገሩ መቅረጫው ጠፋ። ፓወር ባንኩን ሰካሁ፤ ጥቂት ሰጥቶ እሱም አለቀ። ስልኬን አወጣሁ፤ ብርዱ ባትሪውን በልቶት ኖሮ በራ ጠፋ። የኔታ መቋረጡን ከፊቴ አወቁ እንጂ ዜማውን አላቋረጡም። እስከ መጨረሻው አዜሙት። ከዚያ፣ «አለቀ እንዴ ያንተ?» አሉኝ። አለቀ አልኳቸው። «በል የቀረውን በጆሮህ ያዝ» አሉና ደገሙት።

ያን ቀን ማታ እዚያው አደርኩ። ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው በጨለማ ሲያጠኑ ይሰማል፤ ድምፃቸው ከዚህም ከዚያም ይመጣል፣ አንዱ ይሳሳትና ይመለሳል፣ ሌላው ይቀድማል። የቃል ትምህርት ድሮም ማታ በጨለማ ነው የሚሰጠው፤ መጽሐፍ የለም፣ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል። ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት መብራት መጥፋት ምንም አይደለም። ያ ሁሉ የዓመት ዜማ፣ ከዮሐንስ እስከ ጳጉሜን፣ ሰው ልብ ውስጥ ተቀምጦ ከዘመን ዘመን የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ሁሉን በአንዲት ሶኬት ላይ አንጠልጥዬ ስለመጣሁ የዚህ ትልቅነት በዚያ ሌሊት ጎልቶ ታየኝ።

ይህን ብዬ የጨለማን ኑሮ ላወድስ አልፈልግም። የኔታን፣ «ታዲያ መብራት ምን ያደርግላችኋል?» ብዬ ብጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ ልጅ፣ እንዲህ አትበል» አሉኝ። «ቃሉን በጨለማ ይማሩታል። ምልክቱን ግን በምን ያዩታል? እኔ ዓይኔን ለኩራዝ ሰጥቻለሁ። እነዚህ ልጆች አይስጡ።» ወጣት ሳሉ ቀን በልመና ስለሚያልፍ ድጓቸውን ያጠኑት ሌሊት ነው፤ ከጣሳ በተሠራ ኩራዝ፣ ላምባ ሲገኝ። ላምባ ሲጠፋ በእንጨት ብልጭታ። የአንዱ ጓደኛቸው ጎጆ ከነመጻሕፍቱ በኩራዝ እሳት መቃጠሉንም ነገሩኝ። ለተማሪዎቹ የሚፈልጉት ነገር ግልጽ ነው፦ ለየጎጆው አንዳንድ በፀሐይ የሚሠራ የእጅ መብራት፣ ቀኑን ሙሉ ደጅ ውሎ ማታ ለጥቂት ሰዓት የሚያበራ። ይህ ከባድ ነገር አይደለም። ሕዳር ላይ ለቤተ ልሔም ተማሪ ደበሎና በሶ የሚልክ ሰው ሰኔ ላይ ይህንንም ጨምሮ ቢልክ ዓይን ያድናል።

ወደ እናቴ ቤት ስመለስ በመንገድ ላይ ያለው ጅረት ሁሉ ይሮጣል። ይህ ውሃ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ከጣና ተጠልፎ በዋሻ የሚያልፈው ውሃ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ጢስ ዓባይ ከዚያው ውሃ መብራት መስጠት የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። የታች ጋይንትና የስማዳ ጎርፍ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት በሚችለው፣ ይጠራቀማል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መብራት በፈረቃ እስከ መሆን የደረሰው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ስለጎደለ ነበር። የክረምቱ ጨለማ ግን ከውሃ እጥረት የመጣ አይደለም። ግድቦቹ የሚሞሉት በዚሁ ሰሞን ነው። የጎደለው መጨረሻ ላይ ያለችው ሽቦ ናት፤ የበሰበሰው ምሰሶ፣ ያልተመለመለው ባሕር ዛፍ፣ መጠባበቂያ የሌለው ትራንስፎርመር። በግድቡ ላይ የአገሩ ሰው ከደመወዙና ከጎተራው አዋጥቷል፤ የጋይንት ገበሬም ቦንድ ገዝቷል። ያ ኃይል ሐምሌ ላይ የጋይንት እናት ምጣድ ድረስ እንዲደርስ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከአዲስ ማመንጫ ይልቅ አሁን ገንዘብም ጉልበትም መዋል ያለበት በዚህ በመጨረሻው ሽቦ ላይ ነው እላለሁ። ደግሞ ሁሉም ከላይ የሚጠበቅ አይደለም፤ መስመር ሥር ባሕር ዛፍ የሚተክለው ሰው እኛው ነን፣ ግንቦት ላይ ቅርንጫፉን መቁረጥም የኛው ሥራ ነው።

መብራቱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሳለ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ጮኸ። እናቴ ግን እጇን አንሥታ አስቆመችን፤ ማንም ምንም እንዳይሰካ። መብራት ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲመለስ አንዳንዴ ከልኩ በላይ ሆኖ ነው የሚገባው፣ አንዳንዴም አንዱ ፌዝ ብቻ ይመጣል። አንዲት አምፖል ብቻ በርታ ትጠበቃለች፤ ካልደመቀች፣ ካልፈዘዘች፣ ካልተንቦገቦገች፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ ፍሪጁ ይሰካል። ያልጠበቀው ጎረቤታችን ቴሌቪዥኑ በዚያች ደቂቃ ጢስ አወጣ።

ያን ማታ ራት ላይ ክርክር ተነሣ። እህቴ ስታብላይዘርና ትንሽ ሶላር ይገዛ አለች፤ ትክክል ናት። እናቴ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የማገዶ ቤቱ ይመለስልኝ አለች። «ለሁልጊዜ አይደለም፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ብቻ» አለች። እኔ ከእናቴ ጋር ቆምኩ። የተከራዩን ተማሪ ማስወጣት ስላልተፈለገ ከጓሮው ማዶ አዲስ ቦታ ተለካ። በጥቅምት ምሰሶው ተተከለ፣ ቆርቆሮው ተመታ፤ ግድግዳው እንደ ድሮው በጭራሮ ሆነ። ለእትዬ የሚመለሰው እንጨት ቀድሞ ወጣ። ግንቦት ላይ ለመሙላት ከአክስቴ ልጅ ጋር ተነጋግረናል፤ የኔታም ዕዝሉን በበጋ፣ በቀን፣ ቤተ ልሔም ደጀ ሰላሙ ላይ ሆነው እንደሚያስቀዱኝ ቀጥረውኛል፤ ለተማሪዎቹ የሚሄዱት መብራቶች በዚያው ጉዞ ይወርዳሉ።